ደሴ ላይ የጠፋው ቦታ ሳይሆን ተራ ነው

«በደሴ መሀል ከተማ በነጻ መኪና ማቆም ቀረ» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔም ደረሰኝ። የላከልኝ ጓደኛዬ ከሥሩ «አንተስ ምን ትላለህ?» ብሎ ጨምሮበታል። የምለው አለኝ።

ላላነበበው ባጭሩ ልንገረው። ጸሐፊው በሥራ ቀን ከፒያሳ እስከ አራዳ፣ ከዚያም ወደ ሸዋ በር ሲዞሩ ማቆሚያ አጡ። ቢቸግራቸው የማይሆን ቦታ አቆሙና ተቀጡ። ጽሑፉ ከዚያ ንዴት የተወለደ ነው። ጥፋተኞቹን ይዘረዝራሉ፦ ባጃጆች፣ የመንገድ ዳር ነጋዴዎች፣ «ፓርኪንግ» እያሉ ብር የሚጠይቁ ወጣቶች፣ የኮሪደር ልማቱ። መፍትሔ የሚሉት ደግሞ ባለ ብዙ ፎቅ ማቆሚያ ሠርቶ፣ እንደ ሠለጠነው ዓለም ሁሉንም ቦታ በክፍያ ማድረግ ነው። እስከዚያው ከኮምቦልቻ እንማር፤ መንገደኛም ደሴን ሳይቆም ይለፍ ይላሉ።

ንዴታቸው ይገባኛል። ሰኞ ቀን መኪና ይዞ መሀል ደሴ የገባ ሰው ሁሉ ይገባዋል። የማልስማማው ጥፋተኛ ብለው በጠሯቸው ላይ ነው። ዋናውን ጥፋተኛ አልፈውት ሄደዋል።

«ቦታ የለም» ከሚለው ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። አንድ የቤት መኪና የመንገድ ዳር ይዞ ለመቆም፣ መግቢያ መውጫውን ጨምሮ 6 ሜትር ያህል ይፈልጋል። እንግዲህ 100 ሜትር የመንገድ ዳር 16 መኪና ይይዛል። እነዚህ 16 መኪኖች ጠዋት 2 ሰዓት መጥተው ማታ 12 ሰዓት ከተነሡ፣ ያ መንገድ ቀኑን ሙሉ ያስተናገደው 16 መኪና ብቻ ነው። እያንዳንዱ መኪና አንድ አንድ ሰዓት ቆሞ ቢነሣ ግን 160 ያስተናግዳል። ያው መንገድ፣ ያው አስፋልት። አንድ ስንዝር አልሰፋም።

ደሴ ላይ እየሆነ ያለው የመጀመሪያው ነው። ጠዋት ሱቅ ሳይከፈት በፒያሳ እለፉ። ቦታ እንደ ልብ ነው። 3 ሰዓት ላይ ተመለሱ፤ ሞልቷል። ገበያተኛው ገና ከቤቱ አልወጣም። ታዲያ ማን ያዘው? ባለሱቁ ነው። የባለሱቁ ወንድም ነው። የቢሮ ሠራተኛው ነው። ኮድ 4 መኪና በር ላይ ተገትሮ መዋሉን እንደ ማዕረግ የሚቆጥር መሥሪያ ቤትም አይጠፋም።

አንድ የማውቀው የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ አለ። ደግ ሰው ነው፤ ቡና ሳያጠጣ አይሸኝም። ጠዋት ኮሮላውን ሱቁ በር ላይ ያቆማል። ከዚያ በርጩማ አውጥቶ፣ ጀርባውን ለመኪናው በር ሰጥቶ ይቀመጥና «ገበያ ሞተ» ይላል። «ሰው እዚህ ምን ሊያደርግ ይመጣል? ማቆሚያ የለ!» ይላል። ማቆሚያውን ተደግፎ እኮ ነው! አንድ ቀን ብነግረው ሳቀ። «ታዲያ ከዓይኔ ላርቀው?» አለኝ። ይኼም እውነት አለው። የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ከተከለከለ ወዲህማ አሮጌ ቪትዝ እንኳ በዓይን ነው የሚጠበቀው።

የባሰው ግን መኪናው ሲነሣ ነው። ምሳ ሊበላ ሲሄድ ቦታው ባዶ አይቀርም። አሮጌ ጎማ ይመጣል። ጎማው መሀሉ በሲሚንቶ ተሞልቷል። ከሲሚንቶው ውስጥ የብረት ቱቦ ቆሟል። ከቱቦው ጫፍ ላይ ቆርቆሮ ተበይዷል። ቆርቆሮው ላይ በቀይ ቀለም፣ በእጅ ጽሑፍ «መኪና ማቆም ክልክል ነው» ይላል። አንዳንዱ ላይ ከሥሩ «በትእዛዝ» የሚል አለበት። የማን ትእዛዝ እንደሆነ አልተጻፈም።

ጎማ ያላሠራው ጀሪካን ያስቀምጣል። ጀሪካን የሌለው ድንጋይ። አግዳሚ ወንበር የሚያወጣም አለ። እንግዲህ ጸሐፊው ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር ሲዞሩ በስንቱ ጎማና በስንቱ ጀሪካን አጠገብ አልፈው ይሆን? ጽሑፋቸው ውስጥ ስለእነዚህ አንድም ቃል የለም። ለምደናቸዋላ! የመንገዱ አካል መስለውናል። ያ ሁሉ ግን የሕዝብ መንገድ ነው። ነጻ ማቆሚያ ማለት እሱ ነው።

ሕጉ ላይ ግልጽ ልሁን። መኪና እንዳይቆም መከልከል የሚችለው መንገዱን የሚያስተዳድረው አካል የተከለው ምልክት ነው። ባለሱቅ በቆርቆሮ የጻፈው ምልክት አይደለም። የግቢ በር ግን ሌላ ነው፤ መኪና የሚገባበትንና የሚወጣበትን በር መዝጋት ጽሑፍ ኖረም አልኖረም ክልክል ነው። ዜብራ ላይ፣ መስቀለኛ መንገድ ጥግ ላይ፣ ኩርባ ላይ፣ ድልድይ ላይም እንዲሁ። መንጃ ፈቃድ ስንማር ሁላችንም ሸምድደነዋል። ታዲያ ጎማውን አንሡና አቁሙ እያልኩ ነው? አይደለም። ጠብ ነው ትርፉ፤ ስትመለሱ ደግሞ ስፖኪዮ ላታገኙ ትችላላችሁ። ጎማ ማስነሣት የከተማው ደንብ አስከባሪ ሥራ ነው። አንድ ጠዋት በአንድ ፒክአፕ የሚያልቅ ሥራ ነው።

ወደ ባጃጅ ልለፍ። ጸሐፊው የከበዱባቸው ባጃጅ ላይ ነው፤ «መንገዱን ወርረውታል» ይላሉ። ባጃጅ እንደሚያናድድ እኔም አልክድም። መስቀለኛ መንገድ አፍ ላይ ተኮልኩሎ መንገደኛ ይጠራል። መሀል አስፋልት ላይ ቀጥ ብሎ ያወርዳል። ከኋላው ያለው ምን ይሁን ብሎ የሚያስብ ጥቂቱ ነው።

ግን ስለ መኪና ማቆሚያ እየተነጋገርን ከሆነ ባጃጅን መውቀስ አይገባም። ባጃጅ አይቆምማ! ከቆመ አይበላም። አንድ ባጃጅ ወርዱ 1 ሜትር ከ30፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ60 ገደማ ነው። ከኋላ ሦስት ሰው ይጭናል። ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ ስንቱን ከሆጤ፣ ስንቱን ከቧንቧ ውኃ ሰፈር አምጥቶ ፒያሳ እንደሚያወርድ አስቡት። ያ ሰው ሁሉ በየራሱ መኪና ቢመጣ የት ይቆም ነበር? ጦሳ ተራራ ላይ? ባጃጅ ተሳፍሮ የመጣ ሰው ለእኔና ለጸሐፊው ቦታ ለቀቀልን ማለት ነው። ባጃጅ ባይኖር ከተማዋ በሳምንት ትዘጋ ነበር።

ባጃጅ የሚያስፈልገው ማውረጃና መጫኛ ነው። ከመስቀለኛው አፍ ትንሽ ፈቀቅ ያለ፣ በቀለም የተለየ፣ ሦስት አራት ባጃጅ የሚይዝ ቦታ። ሁለት የቤት መኪና የሚይዘውን ቦታ ለዚህ ብንለቅ መስቀለኛው ይከፈታል። ጸሐፊው እንዳሉት ከመሀል ከተማ ቢባረሩ ግን መጀመሪያ የሚቸገረው መኪና የሌለው ሰው ነው። ደሴ ውስጥ ደግሞ ብዙው እሱ ነው።

የመንገድ ዳር ነጋዴዎቹን በተመለከተ ብዙ አልልም። እናቶች ቲማቲምና ሽንኩርት ዘርግተው የተቀመጡት አብዛኛውን ጊዜ እግረኛ መንገድ ላይ ነው። እግረኛው ቅር ቢለው መብቱ ነው። መኪና ያለን ሰዎች ግን መኪናችንን እዚያው እግረኛ መንገድ ላይ በግማሽ ጎማ እየሰቀልን በእነሱ ማማረር አያምርብንም። እግረኛው ከሁለታችንም ሸሽቶ አስፋልት ላይ ይሄዳል።

ስለ አስፋልቱ ካነሣሁ አይቀር። የደሴ ዋና ጎዳና የሱቅ መንገድ ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ወልድያና መቀሌ የሚሄደው አገር አቋራጭ መንገድ ነው። ጣሊያን በ1928 ከተማዋን ከያዘ በኋላ ከአስመራ ጀምሮ በደሴ በኩል አዲስ አበባ ያደረሰው መንገድ ነው። ጨርቅ የምንገዛበት፣ ባንክ የምንገባበት፣ ልጅ ይዘን የምንሻገርበት መንገድ ላይ ሲኖ ትራክም ያልፋል፣ አገር አቋራጭ አውቶቡስም ያልፋል። ስለዚህ እዚያ መንገድ ላይ ሁለተኛ መደዳ ደርቦ ማቆም ቀልድ አይደለም። «ሁለት ደቂቃ ነው፣ ፋርማሲ ገብቼ ልምጣ» የሚባለው ነገር ከኋላ እስከ መናኸሪያ ይሰማል።

ጸሐፊው የኮሪደር ልማቱ ማቆሚያውን በላው ይላሉ። በ2016 አዲስ አበባ ላይ ተጀምሮ ወደ ክልል ከተሞች የወረደው ሥራ ደሴም ኮምቦልቻም ደርሷል። በየደረሰበት የእግረኛ መንገድ ይሰፋል። የሚሰፋው ደግሞ ከሆነ ቦታ ተወስዶ ነው። አንዳንድ ቦታ ከማቆሚያው እንደተወሰደ አምናለሁ። እኔ ግን አልተከፋሁም። ከተማዋ ውስጥ በእግሩ የሚሄደው ሰው መኪና ከሚነዳው ይበልጣል። የሚበልጠው ሰው ሰፊውን ቢወስድ ምን ነውር አለው?

ቅሬታዬ ሌላ ነው። አሮጌው ማቆሚያ ሲዘጋ አዲሱ የት እንደሆነ ቀድሞ አይነገርም። አጥሩን ነው የምናየው። «እስከዚህ ቀን ድረስ እዚህ አቁሙ» የሚል አንድ ሰሌዳ ቢተከል ግማሹ ጩኸት ይቀር ነበር። መስመርም ይቀባ። መስመር ያልተቀባበት መንገድ ላይ ሁሉም እንደ ልቡ ይቆማል። ቪትዝ 4 ሜትር አትሞላም፤ ላንድክሩዘር 5 ሜትር ይጠጋል። ሁለት ቪትዝ በመሀላቸው 3 ሜትር ትተው ሲቆሙ ያ 3 ሜትር ለማንም አይሆንም። አንድ ባልዲ ነጭ ቀለም ብዙ ቦታ «ይፈጥራል»።

አሁን ወደ ወጣቶቹ። እዚህ ጋ ነው ከጸሐፊው ጋር በጣም የምንለያየው። በጅምላ «ዘራፊ» ብለዋቸዋል።

ሁለት ዓይነት ናቸው፤ መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ተደራጅቶ፣ ፈቃድ ተሰጥቶት፣ በደረሰኝ የሚያስከፍል ነው። አዲስ አበባ ላይ በደንብ ለምደነዋል። ሰዓት ይይዛል፣ ቁራጭ ወረቀት መጥረጊያው ሥር ይሰካል፣ ስትወጣ ትከፍላለህ። ይኼ ሥራ ነው። ዘረፋ አይባልም። ለከተማውም ጥቅም አለው፤ የሚከፍል ሰው ከሚገባው በላይ አይቆይም። ጥያቄው ደረሰኝ አለ ወይ የሚለው ነው። ካለ ክፈል። ከሌለ ክፍያ የለም። ለመጠየቅ ማፈር አያስፈልግም፤ «ወንድሜ፣ ደረሰኝ አለህ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ሁለተኛው ጨርቅ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ከየት እንደመጣ ሳታየው አጠገብህ የሚደርሰው ልጅ ነው። «ና ና ና… ቁረጥ… መልስ… በቃ!» ይላል። ሲጨርስ ኮፈኑን በመዳፉ መታ ያደርጋል፤ ተረከብኩ ማለቱ ነው። ደረሰኝ ብትጠይቀው «የለኝም ጋሼ፣ የቻሉትን ነው» ይልሃል። ለዚህ ልጅ የምትሰጠው ጉርሻ ነው። የማቆሚያ ክፍያ አይደለም። ማቆሚያው ነጻ ነው፤ ልጁ ግን ሠርቷል።

ደሴን ለሚያውቅ ሰው ደግሞ የልጁ ሥራ ቀላል አይደለም። ሐምሌ ላይ ጉሙ ከጦሳ ሲወርድ ከፊትህ የቆመውን መኪና ኋላ መብራት ማየት ያቅታል። ቁልቁለት ላይ፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ፣ ወደኋላ እየሄድክ፣ ከኋላህ ቱቦ ይኑር ጉድጓድ ይኑር አታውቅም። ያኔ «በቃ!» የሚለው ድምፅ ዋጋ አለው። ስፖኪዮህም ስትመለስ ቦታው ላይ ነው። አንዳንዱ ልጅ ኃይለኛ ነው፤ ያልተለካ ቦታ ላይ ተመን አውጥቶ «ሃምሳ ብር» ይላል፣ ካልሰጠኸውም በክፉ ያይሃል። እሱን አልደግፍም። ግን ከሌሎቹ ጋር አንድ ላይ ጠቅልሎ ዘራፊ ማለት አግባብ አይደለም። የቆርቆሮ ምልክት ተክሎ የሕዝብ መንገድ የያዘውን ባለሱቅ ሳይጠሩ፣ ጨርቅ የያዘውን ልጅ መጥራት ደግሞ ይባስ።

«በሠለጠነው ዓለም ነጻ ማቆሚያ የለም» የሚለውን ሳነብ ትንሽ ፈገግ አልኩ። አለ። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ትንንሽ ከተሞች መሀል ከተማቸው ላይ የመንገድ ዳር ማቆሚያ በነጻ ይሰጣሉ። ግን በሰዓት ነው። «2 ሰዓት ብቻ» የሚል ሰሌዳ ይተክላሉ። 2 ሰዓት ካለፈ ቅጣት ነው። ነጻነቱ ለሁሉም የሚደርሰው በዚያ ገደብ ነው።

የመኪና ማቆሚያ ቆጣሪው ራሱ እንዴት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። የመጀመሪያው የተተከለው ኦክላሆማ ሲቲ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1935 ነው። ሐሳቡን ያመጣው ካርል ማጊ የሚባል የጋዜጣ ሰው ነበር። ለምን አስፈለገ? መሀል ከተማ የሚሠሩ ሰዎች ጠዋት መጥተው መኪናቸውን ሱቅ ደጃፍ አቁመው ቀኑን ሙሉ ይውሉ ነበር። ገዢ ማቆሚያ እያጣ ይመለሳል። ነጋዴዎቹ ጮኹ። በሰዓት 5 ሳንቲም የሚበላ ቆጣሪ ተተከለ፤ የሚውለው ሰው መኪናውን ወደ ጓሮ ወሰደ፣ ገዢው ቦታ አገኘ። ይኼ የዛሬው ፒያሳ አይደለም እንዴ? (ደሴ ያኔ ሌላ ጭንቅ ላይ ነበረች። ኦክላሆማዎች ቆጣሪ በተከሉ በአምስተኛው ወር፣ በእኛ ኅዳር 1928፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች ቦንብ ጣሉባት።)

ከቆጣሪው በፊት ፖሊሶቹ ምን ያደርጉ ነበር? ጠመኔ ይዘው ይዞራሉ። የቆመ መኪና ጎማ ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ጊዜው ሲያልፍ ተመልሰው ምልክቱ ካልተንቀሳቀሰ ይቀጣሉ። እስካሁንም በጠመኔ የሚሠሩ ከተሞች አሉ። እዚያው አሜሪካ አንዲት ሴት «ያለ ፈቃዴ ጎማዬን ነካችሁ» ብላ ከስሳ እ.ኤ.አ. በ2019 የይግባኝ ፍርድ ቤት እስከ መርታት ደርሳለች፤ ሰው እዚያም እዚህም ያው ነው። ደሴ ቆጣሪ መግዛት አይጠበቅባትም። ጠመኔ ከየትኛውም ትምህርት ቤት ይገኛል። ፒያሳና አራዳ ላይ ዋናው መንገድ ዳር «ከ2 ሰዓት በላይ ማቆም አይቻልም» ተብሎ ሰሌዳ ቢተከል፣ ተራ የሚያስከብሩት ያው ወጣቶች ቢሆኑ፣ የሚከፍለውም ጊዜውን ያሳለፈው ብቻ ቢሆን፣ ጸሐፊውም ቦታ ያገኙ ነበር፣ ልጆቹም ሥራ።

ጸሐፊው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩትን ዶናልድ ሹፕንም ጠቅሰዋል፤ ነጻ ማቆሚያ ከተማን ይጎዳል ያሉትን። አዎ ብለዋል። ግን ሁሉም ቦታ ይከፈልበት አላሉም። የሚሞላው መንገድ ላይ ዋጋ ይውጣ፤ ዋጋውም በየመንገዱ አንድ ሁለት ቦታ ሁልጊዜ ክፍት እንዲሆን የሚያደርግ ያህል ይሁን ነው ያሉት። ሌላም ነገር ጨምረዋል፦ ገንዘቡ ለዚያው መንገድ ይዋል። ለመብራቱ፣ ለእግረኛ መንገዱ። ጸሐፊው ይህችን ትተዋታል። እኔ ፒያሳ ላይ የምከፍለው ብር ፒያሳ ላይ መብራት ሆኖ ካየሁት አላጉረመርምም። የማይታይ ኪስ ከገባ ግን ክፍያው ማንንም አያሠለጥንም።

ጃፓንንም ልጥቀስ፤ መኪኖቻችን ከዚያ የመጡ ናቸውና። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ መኪና ለማስመዝገብ ማደሪያ እንዳለህ ማስረጃ ማምጣት አለብህ። ማደሪያው ከቤትህ 2 ኪሎ ሜትር መራቅ የለበትም። ማለትም የምንነዳት ቪትዝ ጃፓን እያለች የራሷ አልጋ ነበራት። እዚህ መጥታ መንገድ ላይ አደረች። ይህንን ሕግ ነገ ደሴ ላይ እናምጣ አልልም፤ ማን ያሟላል? ግን ማታ ማታ መንገድ ላይ የሚያድረው መኪና ጠዋት ለገበያተኛ ቦታ እንዲለቅ መጠየቅ ይቻላል።

ባለ ፎቅ ማቆሚያውስ? ሲሰማ ደስ ይላል። ወጪውን ግን እናስበው። ሕንፃ ውስጥ አንድ መኪና የሚፈልገው የቆመበትን ቦታ ብቻ አይደለም። መተላለፊያውና መወጣጫው ሲጨመር ለአንድ መኪና ከ25 እስከ 30 ካሬ ሜትር ይሄዳል። 100 መኪና ለመያዝ እስከ 3,000 ካሬ ሜትር ወለል መገንባት ነው። መሀል ደሴ! ከዚያስ? ከሕንፃው በታች መንገዱ ላይ በነጻ ቀኑን ሙሉ መዋል እስከተቻለ ድረስ ማን ከፍሎ አራተኛ ፎቅ ይወጣል? ሕንፃው ባዶ ይሆናል፤ ቆይቶ አዳራሽ ወይም መጋዘን ይሆናል። ይኼ ሟርት አይደለም። ፕላኑ ላይ ፓርኪንግ ተብሎ የተሣለ ቤዝመንት ተከራይቶ መጋዘን ሲሆን ያላየ የለም። መጀመሪያ ያሉትን ቤዝመንቶች በፕላናቸው እንዲከፍቱ ይጠየቅ። እሱ ሞልቶ ካልበቃ ስለ ፎቅ እናወራለን።

ጭነትን በተመለከተ ግን ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ጠራራ ፀሐይ ላይ አይሱዙ ዋናው መንገድ ላይ ቆሞ ኩንታል ሲያራግፍ መንገዱ በአንድ እግሩ ይቀራል። በማለዳና በማታ ይሁን ማለታቸው ልክ ነው።

ከኮምቦልቻ እንማር የሚለው አልገባኝም። ኮምቦልቻን እወዳታለሁ። ግን ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ናት። ደሴ ጦሳ ሥር፣ በአንድ በኩል ተራራ በሌላ በኩል አዝዋ ገደል ይዟት የተኛች ከተማ ናት። 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው ርቀታቸው፤ በሐረጎ ስትወጣ ግን ከ600 ሜትር በላይ ወደ ላይ ትወጣለህ። ሜዳ መበደር አይቻልም። ኮምቦልቻም ቢሆን የራሷ ጣጣ አላት፤ የባቲና የሚሌ መንገድ የሚገነጠለው እዚያ ስለሆነ የከባድ መኪና ነገር ከእኛ ይብሳል።

ደሴ እንዲህ ቀጭንና ረጅም መሆኗ ግን አንድ ጥቅም አለው፤ ጸሐፊው አላዩትም። ከዋናው መንገድ ጀርባው ሩቅ አይደለም። ፒያሳ ላይ ቦታ ስታጡ ዋናው መንገድ ላይ መዞር ትታችሁ ወደ ጦሳ በኩል አንድ ሁለት መደዳ ውጡ። ድንጋይ ንጣፍ መንገዶች አሉ፤ ቆርቆሮ ምልክት የለም፤ ብር የሚጠይቅም የለም። በእግር አምስት ደቂቃ ነው። መሄድ የማይችል ሰው፣ ሕመምተኛ፣ አዛውንት ይዞ የመጣ ሰው በር ድረስ ይምጣ፤ ለእሱ ነው በሩን መልቀቅ ያለብን። ጤነኞቹ ግን አምስት ደቂቃ መሄድ ያቃተን ዳገት ጠፍቶብን አይደለም፤ ደሴ ነን እኮ።

«መንገደኛ ደሴን ሳይቆም ይለፍ» የሚለውን ደግሞ ፈጽሞ አልቀበለውም። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነድቶ የመጣ ሰው ደክሞታል። ወልድያ ለመድረስ ገና 120 ኪሎ ሜትር ይቀረዋል። ወሎ መጥቶ ሳይበላ ሳይጠጣ ይለፍ ማለት በየትኛው ባህላችን ነው?

ስለዚህ ለመንገደኛው እንዲህ እላለሁ። ሰኞ ከሆነ በሰኞ ገበያ በኩል አትሞክሩት፤ ቀኑ የገበያ ነው። አርብ ከ6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት በአረብ ገንዳና በሸዋ በር መስጊዶች ዙሪያ ቦታ አትፈልጉ፤ ሶላት ነው። እሑድ ጠዋትና በንግሥ ቀን ቤተ ክርስቲያን አካባቢም እንዲሁ። ሆስፒታል በር ላይ መቼም አታቁሙ። ነዳጅ ማደያ አጠገብ ባዶ የሚመስል መስመር ካያችሁ ባዶ አይደለም፤ የሰልፍ ጅራት ነው፣ ቦቴ መጣ ከተባለ መኪናችሁን አታወጡትም። ካፌና ሆቴል ግቢ መግባት ይቻላል፤ ዘበኛውን ሰላም ብላችሁ፣ ገብታችሁ ቢያንስ ማኪያቶ ጠጡ። እሱ የሕዝብ ማቆሚያ አይደለም፤ እንግድነት ነው።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ከደረሳችሁ ዋናው መንገድ ላይም ታገኛላችሁ። ከዚያ በኋላ ከሆነ ወደ ላይ ውጡ። ዳገት ላይ ስታቆሙ የእጅ ፍሬኑን ብቻ አትመኑ። ማርሽ አስገቡ። አፍንጫው ወደ ታች ከሆነ የፊት ጎማውን ወደ መንገዱ ጠርዝ አዙሩት። ከጎማው ሥር ታኮ አድርጉ። ታኮ ካልያዛችሁ ድንጋይ ይሠራል፤ ደሴ ድንጋይ አያጣም። ስትነሡ ግን ድንጋዩን አንሥታችሁ ጥግ አድርጉት። ብዙ ሰው እዚያው መሀል መንገድ ላይ ጥሎት ይሄዳል፤ ማታ በጉም የሚያገኘው ደግሞ ባለ ባጃጁ ነው።